የብላክ ሆሉ ፎቶ እውነት ፎቶ ነው? ምድርን በሚያክል ቴሌስኮፕ እንዴት እንደተነሳ

ያቺን ብርቱካናማ ቀለበት የመሰለች ብዥ ያለች ምስል ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። በፈረንጆቹ አፕሪል 10 ቀን 2019፣ በኛ ሚያዝያ 2 ቀን 2011 መሆኑ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ብራስልስ፣ ዋሽንግተን፣ ሳንቲያጎ፣ ሻንግሃይ፣ ታይፔና ቶኪዮ ላይ በአንድ ጊዜ መግለጫ ተሰጥቶ ወጣች፣ ከዛ በኋላ በየስልኩ ስትዞር ከረመች። ሰው ስለሷ ሲያወራ ሁሌ ሁለት ነገር እሰማለሁ። አንደኛው «ብላክ ሆል ብርሃን አያስወጣም ከተባለ ታዲያ ምኑን ነው ፎቶ ያነሱት» የሚል ነው። ሁለተኛው «እሱ እኮ ፎቶ አይደለም፣ ኮምፒውተር ነው የሰራው» የሚል። የመጀመሪያው በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ሁለተኛው ግን ቀላል አይደለም፣ ብዙ ጊዜም የሚመለሰው «ሳይንቲስቶቹ ያውቃሉ፣ አንተ ምን አገባህ» በሚል አይነት ነው፣ እኔ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እውነትም በካሜራ ቀጭ ተደርጎ የተነሳ ነገር አይደለም። የፈጠራ ስዕልም አይደለም።

በፊት ግን የመጀመሪያውን እንጨርስ። ምስሉ ላይ ያለው ኤም 87 የሚባል ጋላክሲ መሀል ያለ ብላክ ሆል ነው፣ ከኛ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል፣ ክብደቱ የፀሐይን 6.5 ቢሊዮን እጥፍ ነው። ብላክ ሆሉ ራሱ አይታይም፣ ልክ ነው። የሚታየው ዙሪያውን የሚሽከረከረው ጋዝ ነው፣ ሙቀቱ በቢሊዮን ዲግሪ የሚቆጠር፣ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሬዲዮ ሞገድ የሚረጭ ጋዝ። ከዚህ ጋዝ የወጣው ሞገድ ብላክ ሆሉ አጠገብ ሲያልፍ መንገዱ ይታጠፋል፣ በጣም የተጠጋው ተውጦ ይቀራል፣ ትንሽ ራቅ ያለው ተጠማዞ ወደኛ ይመጣል፣ ስለዚህ መሀሉ ጨለማ ዙሪያው ቀለበት ይሆናል። መሀል ያለው ጨለማ ጥላው ነው። ኢቨንት ሆራይዘን የሚባለው፣ ማለትም ያለፈው ነገር የማይመለስበት ድንበር፣ ከዚህ ያንሳል፣ ጥላው በወርድ የድንበሩን ወደ 2.6 እጥፍ ይሆናል። ድንበሩ ራሱ ደግሞ ወርዱ 40 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው፣ ፕሉቶ በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት ምህዋር ሦስት ጊዜ ጎን ለጎን ይገባበታል።

ከታች በኩል ደመቅ ያለው ለምንድነው ካላችሁ ጋዙ በዛ በኩል ለብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት ወደኛ ስለሚመጣ ነው፣ እንደዛ እየፈጠነ ወደኛ የሚመጣ ነገር የሚለቀው ሞገድ ይጎላል፣ የሚሸሸው ይደበዝዛል። ብርቱካናማው ቀለም? እሱ ምርጫ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ዓይን የሚያየው ቀለም የለውም፣ ብዙ ሞገድ የመጣበት ደማቅ፣ ትንሽ የመጣበት ጨለም ያለ ተብሎ ቀለም ተሰጠው፣ አረንጓዴ ቢያደርጉትም ሳይንሱ ላይ የሚቀየር ነገር የለም።

እንዲህ ያለ ነገር ይታያል የተባለው ደግሞ ዛሬ አይደለም። 1979 ላይ ዣን ፒየር ሉሚኔ የሚባል ፈረንሳዊ ኮምፒውተር ያወጣለትን ቁጥር ይዞ በቀለም ነጥብ በነጥብ በእጁ እየጠቀጠቀ የብላክ ሆል ምስል ሰርቶ ነበር፣ አሁን ካየነው ጋር ሲተያይ የሚገርም ነው። 2000 ላይ ሃይኖ ፋልክ፣ ፉልቪዮ ሜሊያና ኤሪክ አጎል በሚሊሜትር ደረጃ ባለ የሬዲዮ ሞገድ ከታየ የኛው ጋላክሲ መሀል ያለውን ብላክ ሆል ጥላ ማየት እንደሚቻል በሂሳብ አሳዩ። ሂሳቡ አለ፣ ሀሳቡ አለ፣ ችግሩ መጠኑ ነው። የኤም 87 ቀለበት ሰማይ ላይ ያለው ስፋት 42 ማይክሮ አርክ ሰከንድ ነው፣ አንድ ዲግሪን ለ3600 ክፈሉት፣ የደረሳችሁን ደግሞ ለሚሊዮን፣ ከዛ ውስጥ 42ቱ። ጨረቃ ላይ የተቀመጠን አንድ ብርቱካን ከዚህ ሆኖ እንደማየት ማለት ነው።

አንድ ቴሌስኮፕ ምን ያህል ትንሽ ነገር ለይቶ ማየት እንደሚችል የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፣ የሚቀበለው ሞገድ ርዝመትና የራሱ ስፋት። ሞገዱ ባጠረ፣ ቴሌስኮፑ በሰፋ ቁጥር ጥራቱ ይጨምራል። ብርሃን ከሬዲዮ በጣም ያጠረ ስለሆነ በብርሃን ቢታይ የሚሻል ይመስላል፣ ግን ለዚህች ቀለበት በብርሃን እንኳን 4 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ያስፈልጋል፣ ጠፈር ላይ ያለው የሃብል ቴሌስኮፕ መስታወት 2.4 ሜትር ነው። በ1.3 ሚሊ ሜትር የሬዲዮ ሞገድ ከሆነ ደግሞ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዲሽ፣ ማለትም ምድርን ለማከል ትንሽ የቀረው። ሁለቱም የሚሰሩ አይደሉም፣ ሬዲዮ ግን አንድ ማምለጫ አለው፣ ሞገዱን ከነከፍታና ዝቅታው ቀድቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ይሄ ከተቻለ ዲሹ አንድ ወጥ መሆን የለበትም፣ የዲሹን ቁራጭ ቁራጭ የተለያየ አገር አስቀምጦ የቀዱትን በኋላ ማገናኘት ይቻላል። ማርቲን ራይል ለዚህ ዘዴ ነው የ1974ን የፊዚክስ ኖቤል የተካፈለው፣ እሱ ግን በኪሎ ሜትሮች ርቀት ነበር፣ እነዚህ ምድርን ሙሉ አደረጉት።

ለምን 1.3 ሚሊ ሜትር? ከዛ በጣም ረዘም ሲል ብላክ ሆሉን የከበበው ጋዝ ራሱ ይጋርዳል፣ ጥራቱም ይወርዳል። በጣም አጠር ሲል ደግሞ የኛ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ይውጠዋል። 1.3 ላይም ቢሆን እርጥበት ጠላት ነው፣ ለዛ ነው ዲሾቹ ሁሉ ሰው የማይኖርበት ከፍታና በረሃ ላይ የተተከሉት። 2017 ላይ ስምንት ቴሌስኮፖች ስድስት ቦታ ላይ ነበሩ፣ ቺሌ አታካማ በረሃ 5000 ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት፣ ሃዋይ ማውና ኬያ ተራራ ላይ ሁለት፣ አሪዞና አንድ፣ ሜክሲኮ ሲዬራ ኔግራ 4600 ሜትር ላይ አንድ፣ ስፔን ፒኮ ቬሌታ አንድ፣ ደቡብ ዋልታ አንድ። ቺሌ ካሉት አንዱ አልማ የሚባለው ነው፣ 66 ዲሾች ያሉት፣ እሱ ባይኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ የሚሳካ አይመስለኝም፣ ብዙ ዲሾቹን እንደ አንድ አድርጎ ማሰራት ሲቻል የአጠቃላዩ መረብ አቅም ከፍ አለ። ደቡብ ዋልታ ያለው ኤም 87ን ከነጭራሹ አያየውም፣ ጋላክሲው ከዛ አድማስ በላይ አይወጣም፣ እሱ የገባው ለሌላው፣ የኛው ጋላክሲ መሀል ላለው ብላክ ሆል ነበር።

አሁን አስቡት፣ ሃዋይም ሜክሲኮም ቺሌም ስፔንም በአንድ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ማለት አለበት። ኢቨንት ሆራይዘን ቴሌስኮፕ የሚባለውን ቡድን ያኔ ይመራ የነበረው ሼፕ ዶልማንና ጓደኞቹ አፕሪል 2017 ላይ አስር ቀን ገደማ ተሰጥቷቸው በየቀኑ የየአገሩን የአየር ጠባይ እያዩ «ዛሬ እንጀምር ወይስ እንለፍ» ሲሉ ነበር፣ በመጨረሻ ኤም 87ን በአራት ሌሊት አዩት፣ 5፣ 6፣ 10 እና 11። አየሩ ከሚጠበቀው በላይ ጥሩ ሆነላቸው። እያንዳንዱ ጣቢያ በሰከንድ 32 ጊጋ ቢት ይቀዳ ነበር። ሃርድ ዲስኮቹ ሂሊየም የተሞሉ ናቸው፣ ምክንያቱም ተራ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለችው አንባቢ መርፌ በአየር ላይ ተንሳፋ ነው የምትሰራው፣ 5000 ሜትር ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ዲስኩን ትፍቀዋለች። በጠቅላላው 5 ፔታባይት (5 ሚሊዮን ጊጋባይት) ገደማ ዳታ ሆነ፣ ዲስኮቹ ብቻ ግማሽ ቶን ይመዝናሉ፣ በኢንተርኔት አይላክም፣ በአውሮፕላን ነው የተጫነው፣ ግማሹ አሜሪካ ማሳቹሴትስ ሄይስታክ ኦብዘርቫቶሪ፣ ግማሹ ጀርመን ቦን ማክስ ፕላንክ ኢንስቲትዩት። ደቡብ ዋልታ ያለው ደግሞ በክረምት አውሮፕላን ስለማያርፍ ዲስኮቹ እዛው ከርመው ዲሴምበር 2017 ላይ ነው የደረሱት።

ከዛ ማገናኘቱ መጣ። አንድ የሞገድ ጫፍ አሪዞናና ስፔን እኩል አይደርስም፣ ምድር ድቡልቡል ናት፣ ከዛም በላይ እየዞረች ነው። 1.3 ሚሊ ሜትር ሞገድ አንድ ጊዜ ከፍ ዝቅ ለማለት የሚወስድበት ጊዜ የሰከንድ ትሪሊዮንኛ አራት እጥፍ ገደማ ነው፣ ሁለት ቦታ የተቀዳውን ለማስተያየት የሰዓታችሁ ስህተት ከዛ በታች መሆን አለበት። ለዚህ እያንዳንዱ ጣቢያ ሃይድሮጅን ሜዘር የሚባል አቶሚክ ሰዓት አለው። ቦንና ሄይስታክ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁለት ሁለት ጣቢያ እየወሰዱ የተቀዳውን እያንሸራተቱ የሚገጥምበትን ቦታ ይፈልጋሉ፣ ሲገጥም አንድ ቁጥር ይወጣል፣ የገጠመበትን ጥንካሬና የሞገዱን ቦታ የሚናገር።

ያ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ነው ብዙ ማብራሪያ ዘሎ የሚያልፈው፣ ነገሩ ያለው ግን እሱ ላይ ነው። ማንኛውም ምስል፣ የናንተም ጉርድ ፎቶ ቢሆን፣ በየአቅጣጫው ከተዘረጉ ደማቅና ጨለማ መስመሮች ድርብርብ ሊሰራ ይችላል። ሰፋፊዎቹ መስመሮች ጠቅላላ ቅርጹን ይይዛሉ፣ ቀጫጭኖቹ ዝርዝሩን። ሁለት ቴሌስኮፖች አንድ ላይ የሚለኩት ከነዚህ መስመሮች አንዱን ነው፣ ምስሉ ውስጥ የዚህ ስፋትና የዚህ አቅጣጫ መስመር ምን ያህል አለ የሚለውን። ተቀራርበው ያሉት ሰፊውን፣ ተራርቀው ያሉት ቀጭኑን። ምድር ስትዞር ደግሞ ከኤም 87 ሲታዩ በሁለቱ መሀል ያለው መስመር አቅጣጫውና ርዝመቱ ይቀየራል፣ ስለዚህ አንዱ ጥንድ ሌሊቱን ሙሉ ሌላ ሌላ መስመር እየለካ ይሄዳል። በነጻ የተገኘ ነገር ነው።

ግን ደቡብ ዋልታ ሲቀነስ አምስት ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ አስር ጥንድ ማለት ነው። ብዙው መስመር ሳይለካ ቀረ። እዚህ ላይ ነው ያ ሁለተኛው ጥያቄ ጉልበት የሚያገኘው፣ የተለካው ትንሽ ከሆነ ከዛ ልኬት ጋር የሚስማማ ምስል አንድ ብቻ አይደለም፣ በሂሳብ ከተሄደ ቁጥር የሌለው ነው። ኮምፒውተሩ ከነዛ መሀል መምረጥ አለበት፣ ለመምረጥ ደግሞ ሰው የሚሰጠው መመሪያ አለ፣ ለምሳሌ ድምቀት ከዜሮ በታች አይሆንም፣ ምስሉ ባዶ ቦታ ላይ ዝም ብሎ አይበታተን፣ የመሳሰለው። «አየህ፣ የፈለጉትን ነው ያወጡት» የሚል ሰው እዚህ ድረስ ትክክል ነው። ከዚህ ያለፈውን ግን አብሮ ማየት አለበት።

በመጀመሪያ አየሩ። የየቦታው አየር ሞገዱን በየሰከንዱ ያዘገየዋል፣ ልኬቱን ያበላሻል። ነገር ግን ሦስት ቴሌስኮፖችን ሦስት ማዕዘን አድርጋችሁ የሦስቱንም ጥንድ ልኬት ብትደምሩ አንዱ ጣቢያ ላይ አየር የጨመረው ስህተት በአንዱ ጥንድ በመደመር በሌላው በመቀነስ ስለሚገባ ይጣፋል። የሚቀረው የሰማዩ ነው። ሮጀር ጄኒሰን 1958 ላይ ያወጣት ዘዴ ናት፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ እዚህ አገለገለች፣ እኔ በበኩሌ ከጠቅላላው ሥራ በጣም የምወደው እሷን ነው።

ቀጥሎ ሰውን መጠርጠር። ቀለበት ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቀለበት ማግኘቱ አይቀርም ብለው ስለፈሩ ዳታው 2018 ላይ ሲደርስ ለአራት ቡድን ተከፋፈሉ፣ አንዱ ከሌላው ጋር እንዳያወራ ተከለከለ። ሳምንታት ሰርተው ጁላይ 2018 ላይ ካምብሪጅ ማሳቹሴትስ ተሰብስበው አራቱን ምስል ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ አራቱም ቀለበት ነው፣ 40 ማይክሮ አርክ ሰከንድ ገደማ፣ ከታች ደመቅ ያለ። በዚህም አልበቃቸውም። ሶፍትዌሮቹን በውሸት ዳታ ፈተኗቸው፣ መሀሉ ቀዳዳ የሌለው ድፍን ክብ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ቅርጽ፣ ሁለት ነጠላ ነጥብ፣ ሰርተው ልክ በነዛ ቴሌስኮፖች የታየ አስመስለው ሰጧቸው። ድፍኑን ክብ ሲሰጡት ቀለበት የሚያወጣ መመሪያ ተጣለ። በሺዎች የሚቆጠሩ የመመሪያ ቅንብሮች እንዲህ ተጣርተው፣ ሦስት የተለያዩ ሶፍትዌሮች ያወጡት ምስል እኩል ብዥ ተደርጎ አማካዩ ተወሰደ፣ ያየነው እሱ ነው። ብዥታው የመጣው ከዚህ ነው፣ እርግጠኛ ያልሆኑበትን ዝርዝር ላለማሳየት።

ሦስተኛው እኔን በግሌ ያሳመነኝ ነው። ምስል የሚባለውን ነገር ሙሉ በሙሉ ተዉትና ጥሬውን ቁጥር ብቻ እዩ፣ ቴሌስኮፖቹ እየተራራቁ ሲሄዱ የምልክቱ ጥንካሬ ይወርድ ይወርድና ከ4000 ኪሎ ሜትር ትንሽ ሲያልፍ ሊጠፋ ይደርሳል፣ ከዛ በላይ ሲራራቁ ተመልሶ ይነሳል። ደብዛዛ ጉብታ የመሰለ ብርሃን ቢሆን ወርዶ ይቀር ነበር እንጂ አይነሳም። ወርዶ መነሳት ጠርዙ ቁርጥ ያለ ክብ ነገር ምልክት ነው፣ የወረደበት ርቀት ደግሞ ስፋቱን ይነግራችኋል፣ እሱም 40 ምናምን ማይክሮ አርክ ሰከንድ ይወጣል። ይሄን ለማየት ምስል የሚሰራ ሶፍትዌር አያስፈልግም።

ከስፋቱ ክብደቱን ማውጣት ይቻላል፣ እሱም አንድ የቆየ ክርክር ዘጋ። የኤም 87ን ብላክ ሆል በከዋክብቱ እንቅስቃሴ የለኩት ወደ 6 ቢሊዮን ፀሐይ ሲሉ በጋዙ የለኩት ደግሞ 3.5 ቢሊዮን ይሉ ነበር። ቀለበቱ 6.5 አለ። የከዋክብቱ ሰዎች አሸነፉ።

የተቃወመ የለም ማለት አይደለም። 2022 ላይ ጃፓን ውስጥ ማኮቶ ሚዮሺና ጓደኞቹ ዳታው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ወስደው በራሳቸው መንገድ ሰርተው ቀለበት የለም አሉ፣ ቡድኑም የተጠቀሙበት መንገድ ልክ አይደለም ብሎ መለሰ፣ ከቡድኑ ውጪ ሆነው ያንኑ ዳታ ወስደው ቀለበቱን ያገኙም አሉ። ለኔ ከክርክሩ ይልቅ ትልቁ መልስ ጃንዋሪ 2024 ላይ የወጣው ነው፣ በ2018 የተቀዳ ሌላ ዳታ፣ ግሪንላንድ ላይ አዲስ ቴሌስኮፕ ተጨምሮበት። ቀለበቱ በስፋቱ ያው ነው፣ ደማቁ ቦታ ግን 30 ዲግሪ ያህል ዞሯል። ብላክ ሆሉ በአንድ ዓመት ስለማይወፍር ስፋቱ አይቀየርም፣ ጋዙ ስለሚናወጥ ድምቀቱ ቦታ ይቀይራል፣ የሚጠበቀውም ይሄው ነበር።

ሰዉ ሌላም የሚሳሳተው አለ፣ ኬቲ ባውማን ኮምፒውተሯ ፊት አፏን ይዛ የተነሳችው ፎቶ ሲዞር ብቻዋን ሰራችው ተባለ፣ ከዛ ደግሞ «ምንም አልሰራችም» የሚሉ ተነሱባት። ሁለቱም ስህተት ነው፣ ምስል በሚሰሩት ቡድኖች ውስጥ ዋና ከሚባሉት አንዷ ናት፣ ሥራው ግን የብዙ ሰው ነው፣ በኋላ ያገኙትን 3 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት 347 ሰው ነው እኩል የተካፈለው።

የኛው ጋላክሲ መሀል ያለው ሳጂታሪየስ ኤ ስታር ለምን ዘገየ? እሱም የተቀዳው በዛው 2017 ነው፣ የወጣው ግን ሜይ 12 ቀን 2022 ነው። ከኤም 87ቱ ወደ 2000 ጊዜ ይቀርበናል፣ ክብደቱ ግን 4 ሚሊዮን ፀሐይ ብቻ ስለሆነ ሰማይ ላይ የሚታየው ስፋት ተቀራራቢ ነው፣ 52 ማይክሮ አርክ ሰከንድ። አስቸጋሪው ትንሽነቱ ያመጣው ፍጥነት ነው። ኤም 87 ላይ ጋዙ አንዴ ለመዞር ቀናት ስለሚፈጅበት ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዳ ያው ነገር ነው፣ እዚህ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ዞሮ ይጨርሳል፣ ማለትም መስመሮቹን እየለካችሁ ሳለ የምትለኩት ነገር ይቀየርባችኋል። በዛ ላይ በኛና በሱ መሀል ያለው የጋላክሲው ጋዝ ምልክቱን ይበትነዋል። ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ሰርተው በመልካቸው ቦድነው አማካይ ነው ያወጡት፣ ቀለበት ላይ ያሉት ሦስት ነጥቦች የት የት እንደሆኑ እነሱም በድፍረት አይናገሩም።

አሁን የያዙት አንድም ሞገዱን ማሳጠር ነው፣ ኦገስት 2024 ላይ በ0.87 ሚሊ ሜትር መስራቱን አሳይተዋል፣ ጥራቱ ወደ 19 ማይክሮ አርክ ሰከንድ ይደርሳል። ሌላው ክፍተቱን መሙላት ነው። ካርታው ላይ ስታዩት አፍሪካ ባዶ ናት። ደቡብ አፍሪካ ካሩ ላይ ያለው ሚርካት 64 ዲሽ ቢኖረውም የሚሰራው በረዘመ ሞገድ ነው፣ እንጦጦ ላይ ያሉት የኛዎቹ ደግሞ አንድ አንድ ሜትር መስታወት ያላቸው የብርሃን ቴሌስኮፖች ስለሆኑ ለዚህ አይሆኑም። የታሰበው ናሚቢያ ላይ ነው፣ አንድ ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ፣ የናሚቢያ ዩኒቨርሲቲና ኔዘርላንድ ያለው ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ የያዙት። ደቡብ ስለሆነ የኛ ጋላክሲ መሀል ከአናቱ በላይ ነው የሚያልፈው፣ ከስፔንም ከቺሌም ጋር ጥንድ ይሰራል፣ አሁን ማንም የማይለካቸውን መስመሮች ይለካል፣ እነሱ ከተገኙ ደግሞ በደቂቃ የሚቀያየረውን ሳጂታሪየስን አማካይ መውሰድ ቀርቶ እየተንቀሳቀሰ በቪዲዮ ማየት ይሞከራል።